አንድ ምንጭ፣ ብዙ መልክ፦ የሶፍትዌር መመሪያ በምን ይዘጋጅ?



የዛሬው ርእሴ የሶፍትዌር መመሪያ ነው፤ ይበልጡንም መመሪያው የሚዘጋጅበትና የሚታተምበት መሣሪያ። በለገጣፎ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ያሉ ጤና ጣቢያዎች፣ ትምህርት ቤቶች፣ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶችና የግል ድርጅቶች ሥራቸውን ከመዝገብ ወደ ኮምፒውተር እያሻገሩ ነው። ለፕሮግራሙ በጀት ይያዝለታል፣ ሥልጠና ይሰጥበታል፣ ርክክብ ይደረግበታል። መመሪያው ግን ብዙውን ጊዜ ቀነ ገደቡ ሲደርስ በጥድፊያ ይጻፍና በአንድ ፒዲኤፍ ታሽጎ ይሰጣል። ትንሽ ቆይቶ ፕሮግራሙ ይለወጣል፤ ፒዲኤፉ እንዳለ ይቀራል። ሠራተኛውም መመሪያውን ትቶ አጠገቡ ያለውን ባልደረባ መጠየቅ ይጀምራል፤ ባልደረባው የተዛወረ ዕለት ዕውቀቱም አብሮት ይዛወራል። ይህ የሚሆነው መጻፍ የሚችል ሰው ጠፍቶ አይመስለኝም። ስለ መልኩ እየተጨነቅን ምንጩን ስለምንረሳ ነው። ክርክሬም ይኸው ነው፦ የመመሪያ ጽሑፍ ማንኛውም ኮምፒውተር ሊከፍተው በሚችል፣ ባለቤቱ በእጁ በያዘው አንድ ምንጭ ፋይል መቀመጥ አለበት። የታተመው ጥራዝ፣ የስልኩ ገጽና ፒዲኤፉ ከዚያ ምንጭ በየጊዜው የሚወጡ ቅጂዎች ይሁኑ። ቅጂዎቹን የሚያወጣው መሣሪያ ደግሞ ከመመረጡ በፊት በገዛ ፊደላችን ይፈተን።

በመጀመሪያ፣ መልኩ ለምን ይበዛል? አንድ ፒዲኤፍ አይበቃም ወይ? ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን የጤናው ዘርፍ ነው። ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. ዲኤችአይኤስ 2 የተባለውን የጤና መረጃ ሥርዓት በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ማዋል ጀመረ። ይህ ሶፍትዌር ልማቱ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ፣ ምንጩ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሥራ ነው። በየጤና ጣቢያው ያለው የመረጃ ባለሙያ ከወሩ 21 እስከ ተከታዩ ወር 20 ያለውን መረጃ ጨምቆ ወርሃዊ ሪፖርት ያስገባበታል። እንግዲህ ይህን ሠራተኛ በሥራው ላይ ሆኖ እናስበው። አንድ ቁጥር አልገባ ብሎት መመሪያ ሲፈልግ ኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ከሆነና ኔትወርክ ካለ የሚመቸው በአሳሽ የሚከፈት፣ ቃል ተፈልጎ የሚገኝበት ገጽ ነው። መብራት ከጠፋ ወይም ኔትወርኩ ከተቋረጠ ጠረጴዛው ላይ ያለ ጥራዝ ያስፈልገዋል። ወደ ጤና ኬላ ወርዶ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ሲደግፍ በእጁ ያለው ስልክ ብቻ ነው፤ በስልክ ላይ ደግሞ በኤ4 ወረቀት ልክ የተሰናዳ ፒዲኤፍ በጣት እየሰፋና እየጠበበ ማንበብ ዓይንም ትዕግሥትም ይጨርሳል። አንድ ሰው፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ሦስት መልክ ፈለገ ማለት ነው። የኔትወርክ መቋረጥ ያልኩትም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ብቻ አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንታት ያህል ቆይቷል። መመሪያውን በኢንተርኔት ብቻ ያስቀመጠ መሥሪያ ቤት በነዚያ ሳምንታት መመሪያ አልነበረውም።

የዲኤችአይኤስ 2 የራሱ መመሪያ ታሪክም ለኛ ትምህርት አለው። መመሪያው ዱሮ የሚጻፈው በዶክቡክ ነበር። ዶክቡክ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የመጣ፣ እያንዳንዱ አንቀጽ፣ ርእስና ሠንጠረዥ በምልክት ታጥሮ ምንነቱ የሚነገርበት የአጻጻፍ ሥርዓት ነው። ከአንድ ምንጭ ለአሳሽም ለወረቀትም ያወጣል፤ ጠንካራ ነው። ግን ምልክቱ ብዙ ነው፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለማረም የመጣ የጤና ባለሙያ በምልክቶቹ ጫካ ውስጥ ይጠፋል። በኋላ አዘጋጆቹ ጽሑፉን በሙሉ ወደ ማርክዳውን አዛወሩት። ማርክዳውን ጆን ግሩበር እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ቀላል ዘዴ ነው፤ ርእስ ለማድረግ ከፊቱ አንድ ምልክት፣ ለማጉላት በግራና በቀኝ ኮከብ፣ የቀረው ተራ ጽሑፍ። ከዚህ ዝውውር ሁለት ነገር እናያለን። አንደኛው፣ ጽሑፉ በመጀመሪያውም ሥርዓት ባለው ተራ ጽሑፍ የተቀመጠ ስለነበር መዛወር መቻሉ ነው። በታሸገ ፒዲኤፍ ብቻ ቢቀመጥ ኖሮ ሥራው ከማዛወር ይልቅ እንደገና መጻፍ ይሆን ነበር። ሁለተኛው፣ መሣሪያው ጠንካራ ስለሆነ ብቻ እንደማይመረጥ ነው። ስህተቱን የሚያውቀው ሰው በቀጥታ ሊያርምበት የማይችል መሣሪያ የቱንም ያህል ቢራቀቅ ከሥራው ይርቃል። በትልልቅ ኩባንያዎች ዘንድ የታወቀው፣ ዲታ የተባለው የአጻጻፍ ሥርዓትም ለአንድ ክፍለ ከተማ የመረጃ ክፍል እንዲሁ ይከብዳል፤ ለብቻው ሠራተኛ የሚጠይቅ ሥርዓት ነው።

ስለ ምንጭ ፋይል ይህን ያህል የምጨነቀው የፊደላችን የኮምፒውተር ታሪክ ትልቅ ዋጋ ያስከፈለን ስለሆነ ነው። ለየፊደሉ አንድ የጋራ መለያ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ከመምጣቱ በፊት አማርኛ በኮምፒውተር የሚጻፈው በፎንት ብልሃት ነበር። በዘመኑ አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው 256 ቦታ ሲሆን የኛ ፊደል ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ በዚያ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የሶፍትዌር ሠሪዎቻችን ፊደሉን ቆራርጠው፣ አንዳንዴም በሁለትና በሦስት ፎንት አከፋፍለው፣ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀመጡት። ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ብራና፣ ዋሽራ የመሳሰሉት በዚያ ዘመን ትልቅ ባለውለታዎች ነበሩ፤ ጋዜጣውም መጽሐፉም ደብዳቤውም በነሱ ታትሟል። ችግሩ እያንዳንዱ የየራሱን አቀማመጥ መከተሉ ነበር። በአንዱ የተጻፈው ፋይል ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደላትና የነጥቦች ትርምስ ሆኖ ይታያል፤ ፋይሉ ውስጥ በእርግጥም የተቀመጠው ያ ትርምስ ነውና። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999፣ በ3.0 እትም ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል በዓለም ሁሉ አንድ መለያ ቁጥር አለው። ሆኖም በአሮጌው ዘዴ የተጻፉ ሰነዶች ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ አሉ። ወደ ዩኒኮድ ለመመለስ በየትኛው ፎንት እንደተጻፉ ማወቅ ይጠይቃል። ወደ ፒዲኤፍ የተለወጡት ደግሞ ሲታዩ ያማሩ አማርኛ ናቸው፤ ቃል ሲፈለግባቸው ግን አንድም አይገኝም፣ ሲገለበጡም ትርምሱ ይወጣል። መልኩ ተርፎ ጽሑፉ የጠፋበት ሰነድ ማለት ይህ ነው። ማንኛውም መሣሪያ ሲቀርብልን የመጀመሪያው ጥያቄ እንግዲህ ግልጽ ነው፦ ይህ ፕሮግራም ነገ ቢጠፋ ጽሑፌን በሌላ አንብቤ መቀጠል እችላለሁ?

ከቅርቡ ዘመን ደግሞ ለዚህ አካባቢ ሰው ሩቅ ያልሆነ ምሳሌ አለ። በ2015 ዓ.ም. የሸገር ከተማ ሲመሠረት ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ራሳቸውን የቻሉ ከተሞች መሆናቸው ቀርቶ የሸገር ክፍለ ከተሞች ሆኑ። «የከተማው አስተዳደር» የሚለው በየማኅተሙ፣ በየቅጹና በየሰነዱ ርእስ ላይ «ክፍለ ከተማ» መሆን ነበረበት። እንዲህ ያለ ለውጥ የመሥሪያ ቤቱ ስም አርባ ቦታ ላይ በተጻፈበት የዎርድ ፋይል፣ ከሱም በተባዙ የተለያዩ ፒዲኤፎች ላይ ሲመጣ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም፤ ግማሹ ይታረማል፣ ግማሹ ይረሳል፣ ሁለት ስም ያለው መመሪያ ይዞራል። አስኪዶክም ሆነ ስፊንክስ የተባሉት መሣሪያዎች ግን ስሙን አንድ ቦታ ላይ ብቻ አስቀምጦ በሌላው ሁሉ በምልክት መጥራት ያስችላሉ። አንዷ መስመር ስትለወጥ ጥራዙም፣ የስልኩ ገጽም፣ ፒዲኤፉም በአንድ ጊዜ ይለወጣሉ። ከአንድ ሊጥ የሚጋገር ዳቦ ሁሉ ጨው እንደሚኖረው፣ ወይም ሁሉም ጨው እንደሚያጣ ማለት ነው፤ ስህተቱም እርማቱም አንድ ቦታ ነው ያለው።

ወደ መሣሪያዎቹ ስንመጣ በኔ አስተያየት ለኛ ሁኔታ በቁም ነገር ሊታዩ የሚገባቸው ጥቂት ናቸው። ፓንዶክ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና ፕሮፌሰር የሆነው ጆን ማክፋርሌን እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የሰነድ መለወጫ ነው፤ ማርክዳውንን ወስዶ ዎርድ፣ ኢፐብ የተባለውን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ፣ የአሳሽ ገጽና ፒዲኤፍ ያወጣል። ስፊንክስን ጌኦርግ ብራንድል እ.ኤ.አ. በ2008 ለፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ መመሪያ ብሎ ሠራው፤ ምዕራፍ የበዛበትን፣ እርስ በርሱ የሚጠቃቀስ ትልቅ መመሪያ ይሸከማል። ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ፤ ሁለቱም ለወረቀት ሲያወጡ ብዙ ጊዜ ላቴክ የተባለውን የኅትመት ሥርዓት ከጀርባ ይጠቀማሉ። ከላቴክ ጋር ፊደላችን አዲስ ትውውቅ የለውም። ዩኒኮድ ባልተስፋፋበት ዘመን ብርሃኑ በየነ ከማንፍሬድ ኩድሌክና ከሌሎች ባልደረቦች ጋር ለአማርኛ የሚሆን የላቴክ ጥቅል አዘጋጅተው ነበር፤ ጸሐፊው በላቲን ፊደል ከትቦ በግዕዝ ፊደል የሚያትምበት። እ.ኤ.አ. በ2004 ዚቴክ የተባለው የዚሁ ቤተሰብ አባል ከመጣ ወዲህ ግን ፊደሉ በቀጥታ ይጻፋል፣ በቀጥታም ይታተማል።

ነገር ግን እነዚህ መሣሪያዎች የተሠሩት ላቲን ፊደልን አስበው ነው። በእንግሊዝኛ ሲሞከሩ እንከን የማይወጣላቸው፣ በአማርኛ ሲሞከሩ በጸጥታ ይሳሳታሉ። «በጸጥታ» የምለው የሚያስፈራው ይህ ስለሆነ ነው፤ ሲሳሳት የሚቆም መሣሪያ ጉዳቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ ፓንዶክ አማርኛ ጽሑፍ ተሰጥቶት ምንም ሳይነገረው ፒዲኤፍ ቢታዘዝ ፊደሉን አላውቀውም ብሎ ያቆማል። ይህ ደግ ነው። ችግሩን የሰማ ሰው ምክር ጠይቆ ፒዲኤፉን የሚያወጣውን ፕሮግራም በዚቴክ ሲለውጠው ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ፒዲኤፉ ይወጣል። ሲከፈት ግን የገጽ ቁጥሩ አለ፣ በጽሑፉ መካከል ያሉት የእንግሊዝኛ ቃላትና ቁጥሮች አሉ፣ አማርኛው በነበረበት ቦታ ባዶ ነጭ ወረቀት ነው። ፎንቱ ስላልተነገረው በውስጡ የግዕዝ ፊደል የሌለውን የላቲን ፎንት ተጠቅሟል፤ ማስጠንቀቂያውን ጽፏል፣ ማንም ካላነበበው ግን ሥራውን ጨርሷል። መፍትሔው አንድ መስመር ነው፤ አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል. ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የተባለውን ፎንት በስሙ መጥራት። ለኮድና ለትእዛዝ መጻፊያ የሚውለውም ፎንት ለብቻው መነገር አለበት፤ አለዚያ የጽሑፉ አካል ደህና ሆኖ በሳጥን ውስጥ ያለው ምሳሌ ብቻ ባዶ ይሆናል።

ሁለተኛው ጸጥተኛ ስህተት የሚመጣው በአሳሽ በሚከፈተው መልክ ነው። ብዙ መሣሪያዎች ለእያንዳንዱ ንዑስ ርእስ ከርእሱ ቃላት አድራሻ ያወጡለታል፤ አንባቢ ወደዚያ ክፍል በቀጥታ እንዲሄድ። ኤምኬዶክስ የተባለው የማርክዳውን ማተሚያ በነባር አሠራሩ አድራሻውን ሲያወጣ የላቲን ያልሆነውን ፊደል ሁሉ ይጥላል። «ሪፖርት ማረም» የሚለው ርእስ ተጥሎ ተጥሎ ምንም አይቀረውም፤ ስለዚህ መሣሪያው ቁጥር ይሰጠዋል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ። ስፊንክስም በተመሳሳይ መንገድ ቁጥር ያወጣል። ለጊዜው ይሠራል። አንድ ቀን ግን ከላይ አዲስ ንዑስ ርእስ ሲገባ ቁጥሩ ሁሉ በአንድ ይንሸራተታል፤ ትናንት ለሠራተኞች በቴሌግራም የተላከው «ስህተት እንዴት ይታረማል» የሚለው አድራሻ ዛሬ «መረጃ እንዴት ይሰረዛል» ወደሚለው ክፍል ይወስዳል። ይህን በጤና መረጃ ወይም በግብር መዝገብ ላይ አስቡት። ፓንዶክ የግዕዙን ፊደል ሳይጥል ይይዛል፤ በሌሎቹ ግን ጸሐፊው ለእያንዳንዱ ርእስ አጭር መለያ በእጁ ሊሰጥ ይገባል። አድካሚ ነው፤ ቢሆንም አንዴ ከተሰጠ ርእሱ ቢሻሻል እንኳ አድራሻው አይናጋም።

ፍለጋም እንደዚሁ ነው። በእንግሊዝኛ መመሪያ ላይ አንድ ቃል ሲፈለግ መሣሪያው የቃሉን ግንድ ለይቶ ዘሮቹን ሁሉ ያመጣል። ስፊንክስ ይህን የሚያደርግላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አማርኛ የለም። «ሪፖርት» ብሎ የፈለገ ሰው «ሪፖርቱ» የሚለውን አያገኝም፤ ለኮምፒውተሩ «ት» እና «ቱ» ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ፊደላት ናቸው። «በሪፖርቱ»፣ «ለሪፖርቱም» ደግሞ ከፊትም ከኋላም ተለውጠዋል። «ኃላፊ» ብሎ የጻፈና «ሃላፊ» ብሎ የፈለገ አይገናኙም። ይህን ችግር ዛሬ በመሣሪያ ብቻ መፍታት አይቻልም፤ በአጻጻፍ ግን ማቅለል ይቻላል። በየክፍሉ ራስ ላይ አንባቢው ሊፈልግባቸው የሚችሉትን ቃላት በግንዳቸውና በልዩ ልዩ አጻጻፋቸው ማስቀመጥ አንዱ መንገድ ነው። በታተመው ጥራዝ መጨረሻ ደግሞ ሰው ያዘጋጀው የቃላት ማውጫ ቢኖር ለአማርኛ አንባቢ ከማሽኑ ፍለጋ የተሻለ ያገለግላል ብዬ አምናለሁ።

ጥቂት ነገሮችን በአጭሩ ልለፍ። መሣሪያዎቹ ለማጉላት ፊደሉን ያዘነብላሉ፤ የኛ ፊደል በትውፊቱ ዝንባሌ የለውም፤ የብራና ጸሐፊዎቻችን ያጎሉት በቀይ ቀለም ነበር። ዛሬ ግን ቀይ ማስጠንቀቂያ በፎቶ ኮፒ ግራጫ ይሆናል፤ ስለዚህ በወረቀቱ መልክ ደማቅ ፊደል ወይም ሳጥን ይመረጥ። ቀኑም ጥንቃቄ ይሻል። መሣሪያው በራሱ የሚያትመው ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ሽፋን ላይ «2017» ብቻ የተጻፈበት ጥራዝ የትኛው 2017 እንደሆነ አይታወቅም፤ በሁለቱ መካከል ሰባት ስምንት ዓመት አለ። ዲኤችአይኤስ 2 ራሱ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር መሥራት ይችላል፤ መመሪያው ከፕሮግራሙ ወደ ኋላ የሚቀርበት ምክንያት የለም።

በዚህ አካባቢ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ሁለት ቋንቋ ነው። ሸገር የሚገኝበት የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚመጣው ሰነድ ብዙ ጊዜ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ፊደል። አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ሲጻፍ አናባቢና ተነባቢ ስለሚደጋገም ቃሉ ይረዝማል፤ የግዕዙ ፊደል ክፍለ ቃሉን በአንድ ምልክት ስለሚይዝ መስመሩ ያጥራል። ለአማርኛው በእጅ የተለካ ሠንጠረዥ ለአፋን ኦሮሞው ይጠብበዋል፤ ገጽ በገጽ ተመጣጥኖ የተሰናዳ ጥራዝ ሲተረጎም ይፈርሳል። ከዚህ የሚብሰው ግን የሁለቱ ቅጂዎች መለያየት ነው። የአማርኛው ይታረማል፣ የአፋን ኦሮሞው ሳይታረም ይቀራል፤ ወይም በተቃራኒው። አንድ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሠራተኞች ሁለት የተለያየ ትእዛዝ ያነባሉ። ስፊንክስን ለእንዲህ ያለ ሥራ የማስቀድመው እዚህ ላይ ነው። ስፊንክስ መመሪያውን ቁራጭ በቁራጭ ከፍሎ ለትርጉም በሚመች ፋይል ያወጣል፤ ተርጓሚው ከእያንዳንዱ ቁራጭ ሥር ትርጉሙን ይጽፋል። በኋላ ምንጩ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ለምሳሌ የሪፖርት መላኪያው የመጨረሻ ቀን ሲለወጥ፣ ዓረፍተ ነገሩ ያለበት ቁራጭ ትርጉም ብቻ «አጠራጣሪ» የሚል ምልክት ይደረግበታል። ተርጓሚው መጽሐፉን እንደገና ሳያገላብጥ ምልክት የተደረገበትን ብቻ ያስተካክላል፤ ኃላፊውም ያልተስተካከለ ስንት እንደቀረ ቆጥሮ ያውቃል። ለአጭርና በአንድ ቋንቋ ለሚጻፍ መመሪያ ግን ፓንዶክ ይበቃል፤ ለሃያ ገጽ ሰነድ ስፊንክስን መትከል ሥራን ማብዛት ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። የመጀመሪያውና የሚከብደው «ሠራተኛችን የሚያውቀው ዎርድ ነው፤ በጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ የሚጽፍ ሰው ከየት ይመጣል?» የሚለው ነው። ይህ ተቃውሞ እውነት አለው። የማርክዳውንን ጥቂት ምልክቶች ማንም የቢሮ ሠራተኛ በአጭር ጊዜ ይለምዳቸዋል፤ ቅጂዎቹን የሚያወጣውን መሣሪያ መትከልና ፎንቱን ማስተካከል ግን ባለሙያ ይጠይቃል። መልሴ ሁሉም ሰው ሁሉንም ይሥራ የሚል አይደለም። ጽሑፉን የሚያውቁት ብዙዎች ይጻፉ፤ መሣሪያውን አንድ ሰው አንዴ ያቋቁመው። በዎርድ ካልሆነ አልጽፍም የሚል ካለ እንኳ በዎርድ ይጻፍ፤ አንድ ሁኔታ ግን ይጠብቅ። ርእሱን ፊደል በማተለቅና በማድመቅ ሳይሆን «ርእስ 1»፣ «ርእስ 2» በሚሉት የተዘጋጁ ስታይሎች ይሥራው። እንዲህ የተጻፈን የዎርድ ፋይል ፓንዶክ ወደ ማርክዳውን ይመልሰዋል። በእጅ በተተለቀ ፊደል የተሠራውን ግን ፓንዶክ ርእስ ይሁን ተራ ዓረፍተ ነገር ሊለየው አይችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ሰው አያነብም፤ በቪዲዮ አሳይቶ በቴሌግራም መላክ ይሻላል» ይላል። ቪዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚማር ሰው መልካም ነው፤ እንዳይዘጋጅ አልልም። ግን በሥራ መካከል አንዲት ነጥብ የጠፋችበት ሰው ሃያ ደቂቃ ቪዲዮ ውስጥ ያቺን ነጥብ አይፈልግም፤ ዳታውም አይፈቅድለትም። ፕሮግራሙ ላይ አንድ ቁልፍ ቦታ ሲቀይር ጽሑፍ በአንድ መስመር ይታረማል፤ ቪዲዮ እንደገና ይቀረጻል፣ በተግባር ሳይቀረጽ ይቀራል። ስለ ቴሌግራም ደግሞ የምቃወመው መንገዱን አይደለም። በአገራችን ሰነድ በፍጥነት የሚደርሰው በሱ ነው፤ ስለዚህ መመሪያውም በሱ ይላክ። አደጋው በቴሌግራም የተላከ ፒዲኤፍ ተመልሶ አለመሰብሰቡ ነው፤ ያለፈው ዓመት ቅጂና የዘንድሮው በአንድ ቡድን ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ለዚህ ነው በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ፣ በሽፋኑ ላይ ብቻ ሳይሆን፣ የእትም ቁጥርና ቀን በራሱ እንዲታተም የሚያደርግ መሣሪያ መመረጥ ያለበት። አንዲት ገጽ ፎቶ ተነስታ ብትላክ እንኳ የየትኛው እትም እንደሆነች ራሷ ትናገራለች።

ሦስተኛው፣ አዲስ የመጣው ተቃውሞ፣ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይተረጉመዋል፣ ይለውጠዋልም፤ ለምን እንደክማለን?» የሚል ነው። ማሽኑ ረቂቅ ትርጉም በማቅረብ ሊያግዝ ይችላል፤ በተለይ ቁራጭ በቁራጭ በተከፋፈለ ፋይል ላይ ሰው አይቶ ሊያጸድቀው ስለሚችል። ነገር ግን ማሽን የሚሠራው ካገኘው ጽሑፍ ነው። በአሮጌ ፎንት የተቀበረ ወይም በስካን ምስልነት ብቻ ያለ አማርኛ ለማሽኑም እንደ ሰው ሁሉ አስቸጋሪ ነው። በተጨማሪ መመሪያ ውስጥ የሚጠራው የቁልፍ ስም በስክሪኑ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። በስክሪኑ ላይ «አስቀምጥ» የሚለውን ማሽኑ በመመሪያው «መዝግብ» ቢለው ትርጉሙ ትክክል ሆኖ መመሪያው ስህተት ይሆናል። ንጹሕ ምንጭ ያለው ሰው ከአዲሱ ዘዴ ይጠቀማል፤ የሌለው ደግሞ የተበላሸውን በፍጥነት ያባዛል።

አንዳንዶች ደግሞ መመሪያው በእንግሊዝኛ ቢሆን ይበቃል ይላሉ፤ የተማረ ሰው ነው የሚጠቀመው ብለው። ስህተት የሚያስከፍለው ዋጋ ግን በተማረው ላይ ብቻ አይወድቅም። የክትባት ቁጥር በተሳሳተ ሳጥን የገባ እንደሆነ የሚጎዳው ክትባቱ ያልደረሰው ቀበሌ ነው።

የሚቀረው ጥያቄ ይህ ሁሉ ከየት ይጀመር የሚል ነው። በኔ እምነት ከውል ነው። መሥሪያ ቤት ሶፍትዌር ሲያሠራ በውሉ ውስጥ «የተጠቃሚ መመሪያ ያስረክባል» የሚል ሐረግ በብዛት ይገባል፤ ሻጩም ጥራዝና ፒዲኤፍ አምጥቶ ግዴታውን ይወጣል። ሐረጉ ቢሰፋ ወጪው አይከብድም። መመሪያው በዩኒኮድ በተጻፈ ተራ ጽሑፍ ከነሥዕሎቹና ቅጂዎቹን ከሚያወጡት ትእዛዞች ጋር ይረከብ፤ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ በርክክቡ ዕለት ከዚያ ምንጭ ተነስቶ ጥራዙን፣ የስልኩን ገጽና ያለ ኢንተርኔት የሚከፈተውን ቅጂ በራሱ ኮምፒውተር ያውጣ። ከርክክቡ አስቀድሞ ደግሞ ለየትኛውም መሣሪያ አንዲት የፈተና ገጽ ትሰጠው። በላይዋ የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ ርእስ፣ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ ያለበት አንቀጽ፣ አንድ ሰፊ ሠንጠረዥ፣ በሳጥን ውስጥ አማርኛ ያለበት የትእዛዝ ምሳሌ፣ የግዕዝ ቁጥርና በሁለቱም አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ይኑር። ከወጣው ፒዲኤፍ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ተገልብጦ ወደ ስልክ መልእክት ይለጠፍ፤ አማርኛ ሆኖ ከተለጠፈ ይቀጥል። ከዚያ ከርእሱ በላይ አዲስ ንዑስ ርእስ ይጨመርና የቀድሞው አድራሻ ወደ ቀድሞው ክፍል ይወስድ እንደሆነ ይታይ። ገጿ በጥቁርና ነጭ ታትማ ፎቶ ኮፒ ትደረግ፤ ማስጠንቀቂያው ከተራው ጽሑፍ ተለይቶ ይታይ እንደሆነ ማየት ይቻላል። ይህ ሁሉ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ ውጤቱም ከውሉ ጋር ተያይዞ በመዝገብ ቤት ሊቀመጥ ይችላል።